ጎርፍ ይወስደዋል

ቢቸና የደረስነው ፍልሰታ ተፈትቶ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ነው። አውቶቡሱ ቆመ፤ ዝናቡ አልቆመም። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የተሳፋሪ ጆንያ ሲያወርድ፣ እኔ ጃኬቴን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ መብራት ወደሚታይበት ደጅ ለመሻገር ተጣደፍኩ። በአስፋልቱና በደጁ መካከል ቡናማ ውሃ ተኝቷል። ከአንድ ስንዝር የሚጠልቅ አይመስልም። ግራ እግሬን አስቀደምኩ፤ መሬት አላገኘሁም።

እስከ ጭኔ ገባሁ። ከላይ የተኛ የመሰለኝ ውሃ ለካ ከታች ይሮጣል። አንዳች ስለታም ነገር ቁርጭምጭሚቴን ከፍ ብሎ ሲሰነጥቀኝ ብርዱን እንጂ ሕመሙን አላወቅሁትም። «ኧረ ቦይ ነው! ቦይ ነው!» የሚል የሴት ድምፅ የሰማሁት ከገባሁ በኋላ ነው። ሁለት ወጣቶች በብብቴ ይዘው መዘዙኝ። እግሬ ወጣ፤ ጫማዬ ቀረ።

«ጫማዬስ?» አልኩ፤ ሰው በድንጋጤ ሰዓት የሚጠይቀው ነገር አይታወቅም።

«ጎርፍ ወሰደው ወንድማለም፤ አሁን አባይን ሳያይ ይቀራል ብለኸ ነው?» አለች የአረቄ ቤቷ ባለቤት። ወጣቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው በመብራት ስታየው ደሙ ካልሲዬን አልፎ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ከአንዱ ጠርሙስ አረቄ ቀድታ ቁስሉ ላይ ስታፈስልኝ ግን የሳቀም ያሳቀም አልነበረም።

ጤና ጣቢያ ስድስት ቦታ ሰፉኝ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም ወጉኝ። የሰፋችኝ ነርስ ምን እንደቆረጠኝ አልጠየቀችም። «ከመናኸሪያው ጋ ነው?» ብቻ አለች። ነው አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ክሯን ቀጠለች።

መንገዴ ወደ ሞጣ ነበር፤ የአንድ ወዳጄ እናት ሙት ዓመት ነው። እግሬ ግን በማግስቱ አልረገጥ ስላለኝ ቢቸና ላይ አንድ ቀን ዋልኩ። ያ ቀን ነው ይህን ማስታወሻ ያስጻፈኝ። ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ውሃው ጎድሎ ነበርና፣ ከሱቅ በገዛኋት ኮንጎ ጫማና በተዋስኩት ዱላ እያነከስኩ የወደቅሁበትን ቦይ ለማየት ሄድኩ። ቦዩ በድንጋይ የተገነባ፣ በስሚንቶ ንጣፍ የተከደነ ነው። ከክዳኖቹ አንዱ ግን የለም። ባዶው ቦታ አንድ በር ያህላል።

ውስጡ የነበረውን ልቁጠር። የቢራ ጠርሙስ አንገት፤ ምናልባት የኔ ወንጀለኛ እሱ ነው። የተጨማደደ ጣሳ። አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የኔ ያልሆነ። ሁለት የባትሪ ድንጋይ። የምላጭ ወረቀትና ምናልባትም ምላጩ። የሕፃን ዳይፐር። ግማሽ ጡብ። የጀበና አንገት። የሽቦ ጥቅል፣ ጥርሱን እንዳገጠጠ። ከሁሉ በላይ ፌስታልና ሃይላንድ፤ ከእነሱ ብዛት የተነሳ ጭቃው ራሱ የተሸመነ ይመስላል። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ውሃው ተጠጥቶ አለቀ፣ ሌሎች የውሃ ስሞች እግር በእግር መጡ፣ ስሙ ግን ለባዶው ፕላስቲክ ርስት ሆኖ ቀረ። አዲስ አበባ ላይ ባለ ልዋጩና ቁራሌው ጆንያውን ተሸክሞ ይዞራልና ሃይላንድ ቶሎ ሰው ያገኛል። ቢቸና ላይ በዚያ ሰሞን ፈላጊ አልነበረውም።

«ክዳኑ የት ሄደ እትዬ?» አልኳት የአረቄ ቤቷን ባለቤት፤ በርጩማ አውጥታልኝ ደጇ ተቀምጫለሁ።

«ቦዩ ተደፍኖ ውሃው ቤታችን ሲገባ ጊዜ ሊጠርጉ አነሡት። ሲያነሡት ተሰበረ። ከተሰበረ ሦስተኛ ክረምቱ ነው።»

«ቆሻሻውንስ ማን ይጥለዋል?»

አላፈረችም፤ አልዋሸችም። «ሁላችንም ነን። ወዴት እንውሰደው? በጋውን እዚያው ይቆያል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይወስደዋል።»

ይህን ዐረፍተ ነገር ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ሰምቼው እንደሆነ አላውቅም። አዲስ አበባ እናቴም ትለዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እንደ ጆሮ ውስጥ ውሃ አልወጣልኝ አለ። ጎርፍ ይወስደዋል። ሰፈሬ የጽዳት ሠራተኛ ቢኖረው፣ መኪና በየሳምንቱ ቢመጣ፣ ጉድጓድ ቢቆፈርለት መልካም ነበር፤ ይህ ሁሉ ከሌለ ደግሞ ክረምት አለ። ክረምት ደመወዝ አይጠይቅም፣ ቀጠሮ አያጓድልም፤ ሰኔ ሲገባ ይመጣል፣ መስከረም ላይ ሁሉን ጠርጎ ይሄዳል። ሴትዮዋን ሰነፍ ብዬ ልፈርድባት አልችልም። የከተማው ብቸኛ የቆሻሻ መኪና ክረምት ከሆነ፣ በጋውን ቦይ ውስጥ ማጠራቀም ሒሳቡን የጠበቀ አሠራር ነው። የተበላሸው ነገር አንድ ነው፦ ጎርፍ ሁሉን አይወስድም። ቀላሉን ይወስዳል፤ ከባዱንና ስለታሙን ለእንግዳ ያስቀምጣል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በዚያው ጉዞ፣ ደጀን ሳንደርስ፣ አውቶቡሱ የአባይን በረሃ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮዬ ተደፍኖ፣ ሆዴ ታውኮ፣ ያለቀ ሃይላንዴን በመስኮት ወረወርኩት። ከታች በጃፓን ርዳታ የተሠራውና በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ሽቦዎቹን ዘርግቶ ይታያል፤ አጠገቡ አሮጌው ድልድይ አለ። ሁሉም ተሳፋሪ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። የኔ ጠርሙስ ገደሉ ላይ አንድ ጊዜ ነጥሮ ጠፋ። ደስ ያለኝ ይመስለኛል። ዓይን ያላየውን ነገር የሌለ ማድረግ ቀላል ነው። አባይ ያን ያህል ትልቅ ነው፤ ማን ይፈልገዋል?

በሦስተኛው ቀን ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ። ከደጀን የትመንን አልፎ ቢቸና፣ ከቢቸና ደብረ ወርቅ፣ ከዚያ ሞጣ የሚወስደው መንገድ በክረምት ሲታይ አንድ ትልቅ የጤፍ ማሳ ነው። ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በስተ ምዕራብ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ደመናውን ተከናንቧል። ጮቄ ላይ የወረደው ውሃ ሙጋን፣ ሱሃን፣ ሌሎችንም ወንዞች ሞልቶ፣ ሜዳውን ሰንጥቆ፣ ወደ አባይ ይዘቀዝቃል። ምሥራቅ ጎጃም ወንዝ አያጣም። ወንዙ ደግሞ ሰው ይበላል።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ደብረ ወርቅ ወራጅ ናቸው። ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። የታሸገ እግሬን አይተው፣ እንዴት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ዱላህን የት ጥለኸው ነው ውኃ የረገጥኸው?» አሉኝ።

«ዱላ አልያዝኩም ነበር አባቴ።»

«ጎጃም ያለ ዱላ!» ብለው ዝም አሉ፤ እንደ ትልቅ ነውር። ትንሽ ቆይተው ግን ማስተማራቸውን ጀመሩ። ወንዝ ሲሻገሩ ዱላ ይቀድማል፣ እግር ይከተላል። ቀጥ ብሎ አይሻገሩም፤ ውሃው ወደሚሄድበት ትንሽ ዘንበል እያሉ ነው። ውሃው ከጉልበት ካለፈ በቅሎ ወይም ሰው ይያዛል። ጮቄ ላይ ደመና ካለ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም አይገቡም። ደራሽ አለ።

ደራሽ የሚለውን ቃል እወደዋለሁ፤ እፈራዋለሁም። ሰው ሲጨንቀው «ደራሽ የለም ወይ?» ብሎ ይጮሃል፤ ከላይ ሳይታሰብ የሚመጣውም ውሃ ደራሽ ይባላል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ልጆች ከብት እያጠጡ፣ ወንዙ ከቁርጭምጭሚት ሳይበልጥ፣ ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሌሊት የሠራው ይህንኑ ነው፤ በበጋ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሰው የሚነግድበት ወንዝ ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ጎርፍ ይወስደዋል ስንል ማንን እንደምንጠራ ልብ አንለውም።

ሽማግሌው መስኮቱን በዱላቸው ጫፍ ነካ አድርገው ማሳውን አሳዩኝ። ጤፉ መሐል ሰያፍ የተሳቡ ጠባብ ቦዮች አሉ፤ ፈሰስ ይባላሉ። ዋልካ መሬት ውሃ ይዞ አይለቅምና፣ ገበሬ በማረሻ ፈሰስ ካላወጣለት ጤፉ ይበሰብሳል። «ፈሰስ ግን ክፉ ናት» አሉ። «ውሃዋን ወዴት ነው የምትሰዳት? ወደ ጎረቤትኸ ከሰደድኻት ማሳውን ቦርቡራ ቦረቦር ታደርግበታለች፤ ከዚያ ሽማግሌ መቀመጥ ነው። በዚህ ስንት ሰው ተካሷል፣ ስንቱስ ተፈናክቷል!» ስለዚህ ጠንቃቃ ገበሬ የፈሰሱን መጨረሻ አስቀድሞ ያያል፤ ሣር ያለበት፣ ውሃውን ዋጥ የሚያደርግ ቦታ። አጀማመሩ ያንተ ነው፣ አጨራረሱ የሰው ነው።

ይህን ሲሉኝ የቢቸና ቦይ ትዝ አለኝ። ገበሬው ለንጹሕ ውሃ እንኳ መጨረሻውን ይጠይቃል። እኛ ከተሜዎቹ ለዳይፐርና ለባትሪ ድንጋይ አልጠየቅንም።

ስለ ውሃ የነበረው የድሮ ፍርሃትም ተነሣ። በቀትር ወንዝ ዳር አትቁም፣ አመድ ማፍሰሻ ላይ አትርገጥ፣ ጋኔን ይለክፍሃል ተብሎ ያላደገ የለም። ከተሜ ሆኜ ስቄበታለሁ። አሁን ሳስበው ሁለቱም ቦታ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አላቸው፦ የሰው ጥራጊ የሚያርፍባቸው ናቸው። ጋኔን ነበረ አልነበረም፣ ልጅ በባዶ እግሩ እንዳይረግጥ የሚከለክል ሕግ ነበር፤ ቅጣቱም ጸበል ነው። አልቅትም አለ። በበጋ ኩሬው ሲረጋ ከብቱ ሲጠጣ ጉሮሮው ላይ ይጣበቃል፤ ሰውም በእፍኙ ከጠጣ ያው ነው። ሽማግሌው በልጅነታቸው አንድ አልቅት ከአፍንጫቸው ጥግ በትንባሆ ውሃ እንደወጣላቸው ሲነግሩኝ ፊታቸው ሁሉ ተጨማደደ።

«ታዲያ ዱላ ይህን ሁሉ ይነግርዎታል አባቴ?»

«ዱላ ድንጋዩንና ጉድጓዱን ይነግርኻል። ጠርሙስን አይነግርኽም። በኛ ጊዜ ጠርሙስ ማን ያገኛት ነበር? ባዶዋን ሰው ይሻማባት ነበር እንጂ!»

ደብረ ወርቅ ላይ ወረዱ። ዱላቸውን ሊሰጡኝ ከጅለው ተዉት፤ ለእሳቸውም መንገድ አለባቸው።

ከደብረ ወርቅ በኋላ አውቶቡሱ አንድ ጅረት አጠገብ ለመሽናት ቆመ። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ወጣት ጀርባው ላይ የሚታዘል የመርጫ ዕቃ ያለቀልቃል፤ ባዶው ጠርሙስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ቱፎርዲ የሚሉት የአረም ማጥፊያ ነው። በጤፍ አገር አረም የሚያርም ጉልበት ከጠፋ ወዲህ ይህን ስም የማያውቅ ገበሬ የለም። ውሃው ነጣ ብሎ፣ ወደ ሴቶቹ፣ ወደ ልብሱ ወረደ። አንዷ ቀና ብላ አየችው፤ ምንም አላለችም። መድኃኒት ነው ብላ ይሆናል። በአማርኛችን መርዙንም ፈውሱንም መድኃኒት ስለምንለው ነገሩ ይቀልልናል። ባዶው ጀሪካን ደግሞ ብዙ ቦታ ታጥቦ ውሃ ይቀዳበታል፣ ዘይት ይያዝበታል። አገራችን የቆየ ፀረ ተባይ ኬሚካል ሲከማችባት ከአንድ ሺህ ቶን በላይ አሳሽጋ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ልካ ያቃጠለችበት ጊዜ ነበር። ጅረቱ ዳር ያለው ጠርሙስ ግን ፊንላንድ አይሄድም።

ስለ ጅረትና ልብስ አጠባ ካነሣሁ አክሊሉ ለማን ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ሲንሳፈፉ አየ። ቢልሃርዝያ ዓይን የማያየው የውሃ አደጋ ነው፤ እግሩን ቦይ ውስጥ ያስገባ ልጅ ቆዳው ሳይቆረጥ በሽታው ይገባዋል። አያቶቻችን ከጓሯቸው ቆርጠው የሚያጥቡበት ፍሬ ያንን የሚሸከመውን ቀንድ አውጣ ይገድላል። አክሊሉ ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆኖ ዓመታት ለፋበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተሸለሙ። ቆይቶም በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቱቦ ለሚደፍን ዛጎል ለበስ እንስሳ ማጥፊያ እንዲሆን አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ መብት አወጣበት፤ ያ ደግሞ የማን ሀብት ነው የሚል ክርክር አስነሣ። እንዶድ ለጎጃምም እንግዳ አይደለም፤ ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ የተወለዱባት የጎጃም መንደር ስም እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ያን ቀን ጅረቱ ዳር እንዶድ አላየሁም፤ የዱቄት ሳሙና ፌስታል ግን ቁጥቋጦው ሁሉ ላይ አብቦ ነበር።

ሞጣ ጥሩ ከተማ ናት። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል የተከለችው ጊዮርጊስ አለ፤ ጠጅዋም ማሯም የተመሰከረላት ናት። ሙት ዓመቱ በሰላም ተከናወነ፤ ስለ እሱ እዚህ የምጽፈው የለኝም። ባጃጅ ነጂው ነው የያዘኝ። ከቀብር ቦታው ሲመልሰኝ በከተማዋ ዳር አንድ ሰፊ ቡናማ ኩሬ አየሁ፤ አምስት ስድስት ልጆች ራቁታቸውን እየዘለሉ ይገቡበታል።

«ይህ ኩሬ ድሮም ነበረ?» አልኩት።

«ኧረ የለም ጋሼ! መንገድ ሲሠራ ገረጋንቲ የወጣበት ነው። ቆፍረው ወሰዱ፣ ጉድጓዱን ትተውልን ሄዱ።» ባጃጁን አቀዘቀዘ። «ዳሩ ላይ ልጅ ይቆማል፤ ሁለት እርምጃ ሲሄድ ግን መቆሚያ የለውም። ካቻምና አንድ የሰፈራችን ልጅ ወስዷል። ዘጠነኛ ክፍል የነበረ።»

የወንዝ ጥልቀት ሰው ይለምደዋል፤ አባቶች ለልጆቻቸው የትኛው መሻገሪያ እንደሆነ፣ የትኛው ጎድጓዳ እንደሆነ ይነግራሉ። ይህ ኩሬ ግን አባት የለውም። የተቆፈረው ትናንት ነው፤ ስም እንኳ አልወጣለትም። የትኛው ተቋራጭ እንደቆፈረው ባጃጅ ነጂው ነግሮኝ ነበር፤ እዚህ አልጽፈውም። በየመንገዱ ዳር እንዲህ ያለ ጉድጓድ ስላለ ስሙን ብጽፍ አንዱን ወቅሼ መቶውን ነጻ ማውጣት ይሆንብኛል።

ሰባራ ድልድይን ለማየት ነበር ሐሳቤ። ከሞጣ ወደ አባይ ቁልቁል የእግር መንገድ ነው፤ የተሰፋ እግር ይዞ የማይሞከር። ስለዚህ አላየሁትም፤ የሰማሁትንና የማውቀውን ብቻ እላለሁ። በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኘ ድልድይ ነው። ጣሊያን ሲገባ አርበኞች መሐሉን አፈረሱት፤ ጠላት እንዳይሻገር። ድንጋዩ አባይ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ ለስድሳ ዓመታት ያህል ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ማዶ ጉልበተኞች እየሳቡት ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የዚህን ፎቶ በአንድ መጽሔት አይቶ ድልድይ የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ፤ በማግስቱ ዓመት ሰባራው በብረት ተጠገነ። እ.ኤ.አ. በ2005 አባይ ሞልቶ ብረቱን ይዞት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የገመድ ድልድይ ተሠራ።

ወዳጄ ቤት ከተሰበሰቡት አንድ አዛውንት በልጅነታቸው በገመድ የተሻገሩ ናቸው። «መሐል ስትደርስ ወደ ታች አትይ ይሉኻል። እኔ አየሁ» አሉ። «ምን አዩ?» ስላቸው፣ «ድንጋዩን። የድልድዩን ድንጋይ። ውሃው ላዩ ላይ ይታጠፋል፤ እዚያ የወደቀ አይወጣም አሉ» አሉኝ። ሆን ተብሎ ወንዝ ውስጥ ከተጣለ ነገር ሁሉ እኔ ያለ ቅሬታ የምቀበለው ያንን ድንጋይ ብቻ ነው። ይሁንና እሱም ቢሆን ዋጋ አስከፍሏል፤ አፍራሹ ከሄደ በኋላ ለልጅ ልጁ ስድሳ ዓመት የገመድ ዕዳ ትቷል።

ውሃ ውስጥ መጣል የኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። የአምስተርዳም ሰዎች በየዓመቱ ከቦዮቻቸው ከ12,000 በላይ ብስክሌት ያወጣሉ፤ ለዚሁ የተሠራ ረጅም ብረት ክንድ ያለው ጀልባ አላቸው። ፓሪስ ውስጥ የሴንት ማርታን ቦይ በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት አንዴ ውሃው ይመጠጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመጠጥ ብስክሌቱ፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ የወይን ጠርሙሱ ሁሉ ጭቃ ለብሶ ተገለጠ፣ ሕዝቡም ድልድይ ላይ ተሰብስቦ እንደ ትርዒት አየው። የእነሱ ቦይ የተኛ ነው፤ የጣሉትን ይጠብቅላቸዋል፣ ቀን ቆጥሮም ያሳያቸዋል። የኛ ይሮጣል። ነገሩን ስላላየነው ያጠፋነው እንዲመስለን ያደረገን ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። አገሩ ጦርነት ገባበትና እንደ ልብ የሚኬድበት መንገድ አልሆነም። ፌስታልን የሚመለከተው ሕግም ተለውጧል፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስሱን ፌስታል ብቻ ይከለክል ነበር፣ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ግን ፌስታልን ጨርሶ ይከለክላል። ሕጉ ለጨርቅ ዘንቢል ሰፊዎች መልካም ዜና ነው። የተሰበረ የቦይ ክዳን ማን ይተካ የሚለውን ግን አይመልስም።

ሌላው ለውጥ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ስንል ኖረናል። ሐምሌ 2012 ላይ ጉባ ውስጥ በሚሠራው ግድብ ውሃው መያዝ ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። 145 ሜትር ከፍታ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ። አባይ ማደሪያ አገኘ፤ ሁላችንም ተደሰትን፣ እኔም ቦንድ የገዛሁበት ነው። ማደሪያ ያገኘ ግን ግንዱንም ይዞ ነው የሚያድረው። ቢቸና ላይ በጋውን ቦይ ውስጥ የከረመው፣ ደብረ ወርቅ ጅረት ዳር የተቀመጠው፣ ከአውቶቡስ መስኮት በበረሃው የወረወርኩት ሃይላንድ፣ ይህን ሁሉ ቀድሞ የሚያዩት ሱዳንና ግብፅ እንደነበሩ ባንናገረውም በሆዳችን የምናውቀው ነገር ነበር። አሁን ጎርፉ የሚወስደው ወደ ገዛ ቤታችን ነው። ግራ ጫማዬም የሆነ ቦታ ካልተያዘች እዚያ ናት።

ከሞጣ በተመለስኩ ጊዜ፣ በዚያው ክረምት፣ አውቶቡሱ ቢቸና ላይ ለምሳ ቆመ። እያነከስኩ ወደዚያ ደጅ ሄድኩ። ክዳኑ አልተተካም። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ቁመቷ ከሰው የሚበልጥ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆማለች፤ ጫፏ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሯል።

«አንተ ከወደቅኸ በኋላ ነው የተከልኋት» አለችኝ የአረቄ ቤቷ ባለቤት፤ ቡና እየቀዳችልኝ። «ጎርፍ ሦስት ጊዜ ወሰዳት። ሦስት ጊዜ መለስኋት።»

መንገዱ ሲከፈት በክረምት በቢቸና የምታልፉ ከሆነ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ቅርንጫፍ የቆመበትን ቦታ ዙሩት። ቅርንጫፍ ባታዩም አትመኑት፤ ምናልባት ያን ሰሞን ወስዷት ይሆናል።